ለአብራሪዋ ሰላም በይልኝ

ጥቅምት 12

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለቡሎኔ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? እኔና እናትሽ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ጤናችንም ከዕድሜያችን ጋር ተስማምቶ እየኖረ ነው።

ስልክሽ ደርሶኝ ነበር። እንደምታውቂው ግን ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ሞተር ሲጮኽበት የኖረ ጆሮ ስልክ ላይ ነገር አልይዝ ብሏል። አንቺ «ሥራ ቀየርኩ» ስትዪ እኔ «ሥራ አጣሁ» ሰምቼ እናትሽን አስለቅሻት ነበር። ስለዚህ ወጋችን በወረቀት ይሁን፤ ወረቀት አያንሾካሹክም።

ደብዳቤሽን እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዓይኗ ደክሟል፣ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ከትልቁ የአውሮፕላን ጥገና ወጥተሽ እዚያው ባሕር ማዶ የድሮ አውሮፕላን የሚታደስበት ጋራዥ መግባትሽን ሰማን። እስከዚህ መልካም። «ክንፉን ጨርቅ አለበስነው» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን እናትሽ «ደግመህ አንብብ» አለችኝ። ደገምኩ።

«ጨርቅ?»

«ጨርቅ ነው የሚለው።»

«ልጄ አውሮፕላን ልትሠራ ሄዳ መጋረጃ ሰፊ ሆነች ማለት ነው?»

እኔም ደብዳቤሽን አጥፌ አስቀመጥኩ። ዶሚኖ የምንጫወትበት ቤት ጓደኞቼ «የእህትህ ልጅ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «አውሮፕላን» እልና፣ ሁለተኛ ጥያቄ እንዳይከተል ቶሎ ብዬ ተራዬን እጫወታለሁ።

ስለዚህ ከሀሁ ጀምረሽ አስተምሪኝ። ሥዕል ሥለሽ የየዕቃውን ስም ጻፊበት። ልጅ ሳለሽ ከመኪናዬ ሥር ተኝተሽ «ይሄስ? ያኛውስ?» እያልሽ ስታደርቂኝ አልተቆጣሁሽም፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው። ካልከበደሽ የማንበቢያ መነጽርም ላኪልኝ። ያለኝን አንድ እጀታውን በክር አስሬዋለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለምወድዎ ጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? እማዬስ? እኔ ጋራዡ ውስጥ ካለው ብርድ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም፤ እሱንም ለምጄዋለሁ። መነጽሩን አብሬ ልኬያለሁ።

መጀመሪያ እማዬን ያረጋጉልኝ። ይሄ አውሮፕላን የተሠራው የአውሮፕላን ሥራ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ነው። የዚያን ጊዜ ሞተር አቅመ ደካማ ስለሆነ ከባድ አካል አያነሳም ነበር። ስለዚህ አጥንቱን ከእንጨት፣ ቆዳውን ከጨርቅ አደረጉት። ጨርቁን እንጨቱ ላይ ሰፍተን ስንጨርስ እንደ ቫርኒሽ ያለ ፈሳሽ እንቀባዋለን፤ እሱ ሲደርቅ ጨርቁን ሰብስቦ ይወጥረዋል። በጣትዎ ቢመቱት እንደ ከበሮ ድም ይላል።

ክንፎቹ ድርብ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው በላይ። በዚያ ዘመን አንዱን ክንፍ ብቻውን ጠንካራ አድርጎ መሥራት አልሆነላቸውም፤ ሁለቱን በቋሚ እንጨትና በሽቦ ሲያስተሳስሯቸው ግን እንደ ድልድይ ተደጋግፈው ቆሙ።

ሥዕሉን ይያዙና ይከተሉኝ። አብራሪ የሚቀመጥበት ረጅሙ ሰውነት ፊውዝላጅ ይባላል። ጭራው ላይ የቆመው ራደር ነው፤ አፍንጫውን ቀኝና ግራ ያዞራል። ጭራው ላይ የተጋደመው ኤሌቬተር አፍንጫውን ያነሳል፣ ይደፋል። ክንፎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ኤሌሮን ይባላሉ፤ የአንዱ ወገን ሲነሳ የሌላው ይወርድና አውሮፕላኑ ወደ ጎን ያጋድላል። የእርስዎ መኪና ቀኝና ግራ ብቻ ነበር የሚያውቀው። የኛው ሦስት ዓይነት መዞር ያውቃል፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ሞተሩን ቢያዩ ደግሞ ይስቃሉ። ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል፣ ሲሊንደሮቹ በሙሉ፤ ነፋስ እንዲያገኘውና እንዲቀዘቅዝ ነው። ዘይቱ የጉሎ ዘይት ነው፣ ቤንዚን አሟምቶ ስለማያቀጥነው። እየተረጨ አብራሪውን ያለብሰዋል። ከንፈር ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ጣፈጥ ይልና ኋላ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ሆድ ላይ የሚያደርገውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። በቀደም አብራሪዋ ስትወርድ ከዓይኗ በቀር የሚታይ ነገር አልነበራትም።

አዎ፣ አብራሪያችን ሴት ናት። ሥራዋን የምትወድ ትመስላለች።

ጤናና ሳቅ አይለይዎ።

ልጅዎ ቡሎን


ታኅሣሥ 25

ለቡሎኔ፤

ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ይብዛልሽ። መነጽሩ ደረሰ። አድርጌው ስወጣ ጎረቤት ሁሉ ዳኛ የመጣ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ።

ሥዕሉን ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌዋለሁ። እናትሽ ልብስ ልታወጣ በከፈተችው ቁጥር «ራደር የቱ ነው?» እላታለሁ። ትናንት «ራደርህን ከፊቴ አንሳልኝ» አለችኝ፤ ስሙን ይዛዋለች ማለት ነው።

ሞተሩ ይሽከረከራል ያልሽው ግን ጉድ አደረገኝ። ዶሚኖ ቤት ተናገርኩት። የድሮው መካኒክ ወዳጄ «ሞተሩ ከዞረ ሻፍቱ ምን ሥራ ይሠራል?» ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። ሻፍቱ ምን እንደሚሠራ ቶሎ ጻፊልኝ፤ መልስሽ እስኪመጣ እዚያ ቤት አልደርስም።

ሌላው፣ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ተውሼ ነበር። «ስቶል» የሚል ቃል በየገጹ አለ። እኔ ሞተር መጥፋት ማለት መሰለኝ። እንግዲህ ሰማይ ላይ ሞተር ከጠፋ ምን ይኮናል? ዳር ይዞ አይቆም። ሥዕሉ ላይም ፍሬኑን ፈልጌ አጣሁት፤ ረስተሽው መሆን አለበት።

እናትሽ አንገትሽን ሸፍኚ ብላለች። እኔም ብያለሁ።

አጎትሽ


ጥር 28

ለምወድዎ ጋሼ፤

ጤናዎ ይጠበቅልኝ። ወደ ዶሚኖዎ እንዲመለሱ ከሻፍቱ ልጀምር። መኪናዎ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ዘንግ፣ ሻፍቱ፣ እዚህ ፊውዝላጁ ላይ በቡሎን ታስሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን ይዞራሉ። ከመኪናዎ የተገላቢጦሽ ነው። አሁን ሄደው ይሳቁባቸው።

ፍሬኑን አልረሳሁትም። የለውም። ጭራው ሥር ያለው የእንጨት እግር ሣሩን እየጫረ ነው የሚያቆመው።

ስቶል ሞተር መጥፋት አይደለም። አፍንጫውን ከልክ በላይ ካነሱት፣ አየሩ የክንፉን ጀርባ ይለቀዋል፤ ያኔ ክንፉ ማንሳቱን ይተዋል። ሞተሩ እየጮኸ እንኳ አውሮፕላኑ ይወድቃል። መድኃኒቱ ልብ የማይቀበለው ነው፦ እየወደቁ ሳለ አፍንጫውን ወደ መሬት መድፋት። ፍጥነት ሲመለስለት ክንፉ አየሩን እንደገና ይይዛል።

ሞተር ቢጠፋስ ላሉኝ፣ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ቁልቁለት እንደያዘ መኪና እየተንሸራተተ ይወርዳል። አደገኛው ገና እንደተነሱ፣ ዝቅ ብለው ሳሉ ከጠፋ ነው። ያኔ ወደ ሜዳው ልመለስ ብሎ መዞር አይገባም፤ ሲዞሩ ፍጥነት ያልቃል፣ ክንፉም አየሩን ይለቃል። ከፊት ያለው መሬት የፈለገውን ይሁን፣ ፊት ለፊት መውረድ ነው። የጋራዡ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ በፊት «ሞተር ቢጠፋ?» ይለናል። «ፊት ለፊት» እንላለን። ከዚያ በኋላ ነው ደህና አደራችሁ የሚለን።

ይሄን ገጽ ለእማዬ ባያነቡላት እወዳለሁ።

ልጅዎ


የካቲት 24

ለቡሎኔ፤

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ገጹን ዘለልኩት። እናትሽ «ምነው አጠረ?» አለች። «ስለ ሽቦ ነው» አልኳት።

ዶሚኖ ቤት ክብሬ ተመልሷል። መካኒኩ ለሁለት ቀን ሲያስብበት ከርሞ «ይሄ ያበደ ሰው ሥራ ነው» ብሎ ተቀበለኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ አብራሪ የማን ልጅ ናት? እናት አላት? ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት መካኒኮቹን ጭምር «ፊት ለፊት» ማሰኘቱ ደንቆኛል። የጉሎ ዘይት መጀመሪያ እንደሚጣፍጥ፣ ኋላ ጉሮሮ ላይ እንደሚጣበቅ አጥርተሽ ማወቅሽም ደንቆኛል። ደንቆኛል ነው ያልኩት፤ ሌላ አልጠየቅኩም።

ለአብራሪዋ ሰላም በይልኝ። ቁርሷን ሳትቀምስ እንዳትነሳ። ሰማዩ ካኮረፈ እሷም ታኩርፍ። እንቅልፍ ያልጠገበች ቀን «ዛሬ አልችልም» ማለት ነውር የለውም በያት። የማላውቀው ሽማግሌ ሰው መከረኝ ብላ እንዳትስቅ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 15

ለቡሎኔ፤

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ከጠፋ ሰነበተ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ገና ከበሩ ስታየኝ፣ አፌን ሳልከፍት ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች።

እናትሽ ደውላልሽ «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልሽ አሉ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን «ተኝታ ነው የምታወራው» አለችኝ። «በቀን ምን ያስተኛታል?» አልኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ተኝቶ የሚያወራ ሰው ድምፅ አለው» አለች።

ሥዕልም፣ ማብራሪያም ይቅርብኝ። ሁለት መስመር ይበቃኛል።

አጎትሽ


ግንቦት 2

ለተከበሩ አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል። እኔ ደህና ነኝ። ለመልሱ መዘግየት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለንባብ እንዲቀልልዎ በኮምፒውተር ጽፌዋለሁ።

አውሮፕላናችን መጠነኛ ጉዳት ደርሶበታል። እንደተነሳ ሞተሩ ጠፋ፤ አንድ ቫልቭ ተሰብሮ ነበር። አብራሪዋ ፊት ለፊት ወረደች። የታረሰ መሬት ስለሆነ ጎማዎቹ ሰመጡና በአፍንጫው ተተከለ። ፕሮፔለሩ ተሰብሯል፣ የታችኛው ክንፍ ተቀዷል። አብራሪዋ ደህና ናት።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ


ግንቦት 22

ለቡሎኔ፤

በሕይወትሽ «የተከበሩ» ብለሽኝ አታውቂም። ሳነበው ፍርድ ቤት የተጠራሁ መሰለኝ።

ደብዳቤውን ለእናትሽ አነበብኩላት። ሰላምታውን አነበብኩ፣ መካከሉን ዘለልኩ፣ ሰላምታውን ደገምኩ። እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝና «በል አሁን የዘለልከውን አንብበው» አለችኝ።

«ምን ዘለልኩ?»

«ከየካቲት ጀምሮ የምትዘለውን።»

ለካ ሁሉንም ታውቃለች። እንዴት ብዬ ጠየቅኳት። «ጆሮህ ስለማይሰማ ስትጽፍ እየጮህክ ነው የምትጽፈው። ‹ለአብራሪዋ ሰላም በይልኝ› ብለህ ስትጽፍ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ያን ያህል ስስት ለማያውቁት ሰው አይደረግም» አለችኝ። ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም።

አነበብኩላት። «አብራሪዋ ደህና ናት» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ዓይኗ ሥር አስጠግታ ስታየው ቆየች። «ፊደሉ የእጇ አይደለም» አለች። ከዚያ ተነስታ ያጠበችውን ብርጭቆ ሁሉ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

እኔ አልተቆጣሁም፤ እሷም አልተቆጣችም። አንድ መስመር ብቻ በእጅሽ ጻፊልን። በቀኝ ካልሆነ በግራ።

አጎትሽና እናትሽ


ሰኔ 14

ለጋሼና ለእማዬ፤

ይሄ የግራ እጄ ጽሑፍ ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ከመሰልኩ ይታገሡኝ። የተሰበረው የቀኝ አንጓዬ ነው፤ ሐኪሙ በደንብ ይገጥማል ብሎኛል። ሌላ የተሰበረ ነገር የለኝም፤ ይህን በእውነት ነው የምነግራችሁ።

ከዛፎቹ በላይ ጥቂት እንደወጣሁ ሞተሩ አንዴ ሳለና ዝም አለ። የሽቦዎቹ ፉጨት ብቻ ቀረ። ሜዳችን ከኋላዬ ነበር፣ ሰፊ፣ ለምለም፣ የማውቀው። እጄ ወደዚያ ሊያዞር ሲል ይሰማኝ ነበር። ሽማግሌው ጆሮዬ ላይ ያለ ይመስል «ፊት ለፊት» ብዬ ጮኽኩና የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደፋሁ። መሬቱ ቶሎ መጣ። ጎማዎቹ ሲነኩ «ዳንኩ» አልኩ፤ ወዲያው ጭራው ተነሳና መሬቱ ፊቴ ላይ መጣ። በቀበቶው ተንጠልጥዬ ቀረሁ። መሬቱን ያረሰው ሰው ከትራክተሩ ወርዶ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ፕሮፔለሩ ነበር። «የትኛው ፕሮፔለር?» አለኝ፤ የቀረ ነገር አልነበረውም።

ሽማግሌው ደረሰ። ያን ሁሉ ዓመት የደከመበትን አውሮፕላን ዘወር ብሎም አላየው። አጠገቤ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቴን በመሐረቡ ጠረገና «ሌላው እንጨትና ጨርቅ ነው» አለኝ።

የደበቅኳችሁ እንዳትሳቀቁ ነው እል ነበር። እውነቱ ግን «አትብረሪ» እንዳትሉኝ ነው። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ክንፉን እንደገና እያለበስነው ነው፤ እኔም በአንድ እጄ ክር አቀብላለሁ። ሽማግሌው «ሲያልቅ ካሻሽ ትበሪያለሽ፣ ካላሻሽ አትበሪም፤ እኔ አልጠይቅሽም» ብሎኛል። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ሌላ አውሮፕላን ሞተር ሲያስነሳ እንኳ ወደ ጋራዡ ውስጥ እገባለሁ። አትብረሪ ይበሉኝና ልተወው፤ ወይም ብረሪ ይበሉኝ።

ልጃችሁ


ሐምሌ 9

ለቡሎኔ፤

የግራ እጅሽን ጽሑፍ እናትሽ ራሷ አነበበችው። ፊደሉን ትልልቅ ስላደረግሽው ዓይኗ ያዘላት። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ከቤት ወጥታ ለየጎረቤቱ ስታሳይ ዋለች።

«አትብረሪ» የሚለው ቃል ከየካቲት ጀምሮ ምላሴ ላይ ነው። አሁን አንቺው ጠየቅሽኝ። መኪና ሲጠፋብኝ ዳር ቆሞ እስክጠግነው ይጠብቀኝ ነበር፤ ያንቺው አይጠብቅም። ይህን አስቤ ብዕሬን አነሳሁ። ግን አልጽፍ አለኝ። እናትሽን ጠየቅኳት።

«እሷ እዚያ ሆና የምትፈራውን እኛ እዚህ ሆነን እንዴት እንፈርድላታለን?» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልበላት?»

«ሂድና እያት።»

«በምን?»

«በአውሮፕላን ነዋ። በእግርህ ልትሄድ ነው?»

ቁም ሳጥኑን ከፍታ «እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ስለዚህ አትብረሪም ብረሪም አልልሽም። ያን ጨርቅ በጣቴ ሳልመታ፣ ፊትሽን ሳላይ ቃል አይወጣኝም። ለቪዛ የሚሆን የመጥሪያ ወረቀት ላኪልን። አውሮፕላን ውስጥ ጆሮው ለሚደፈንበት ሰው ምን ይደረጋል? ለእናትሽ ነው የምጠይቀው።

አጎትሽ


ነሐሴ 20

ለጋሼና ለእማዬ፤

ወረቀቱን ልኬላችኋለሁ። ይሄ ደግሞ የቀኝ እጄ ጽሑፍ ነው፤ ገና ቢንቀጠቀጥም የራሴ ነው። ከክንፉ ትንሽ ወደ ኋላ ያለ የመስኮት ወንበር ጠይቁ፤ ክንፉ ሲሠራ ይታያችኋል። ጆሮ ሲደፈን ምራቅ መዋጥ ነው። ለእማዬም፣ ለእርስዎም።

ቀን እየቆጠርኩ ነው ብል ውሸት ነው፤ መቁጠር አስጨንቆኝ ትቼዋለሁ። ብቻ አልጋችሁን አንጥፌያለሁ።

ልጃችሁ


መስከረም 26፣ ሰማይ ላይ

ለቡሎኔ፤

ይህን የምጽፈው ከወንበሩ በሚዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፖስታ ቤት አያውቀውም፤ በእጄ ነው የማስረክብሽ።

ልንነሳ ስንል ክንፉ ከኋላው እየተከፈተ ረዘመ። እናትሽ «ተበተነ» ብላ ክንዴን ያዘች። «ፍላፕ ነው፣ ቀስ ብሎም መንሳፈፍ እንዲችል ነው» አልኳት። ከዚያ ኤሌሮኑን አሳየኋት። ፊት ለፊታችን ያለው ሰውዬ ዞሮ «አብራሪ ነበሩ?» አለኝ። «የለም፣ ሹፌር ነበርኩ» ስለው ፊቱን መለሰ።

መሬቱን ስንለቅ የተማርኩት ቃል ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። እንዲህ ነው ለካ የሚሆነው። ከቃል በፊት ሆድ ነው የሚያውቀው። የአስተናጋጇን እጅ ሳልይዝ አልቀረሁም፤ እናትሽ ትነግርሻለች፣ አትመኛት።

አሁን እናትሽ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ደመናውን ታያለች። «ከበረረች ቆመን እናያታለን፤ ካልበረረች አብረናት ቁጭ እንላለን። ለዚህ ነው የመጣነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ይዤ አልመጣሁም። ጠረጴዛውን እጠፉ እያሉን ነው።


ኅዳር 5

ለጋሼና ለእማዬ፤

ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደተመለስኩ ነው የምጽፍላችሁ። ቤቱ ባዶ ሆኗል። የእማዬ መሐረብ ወንበሩ ላይ ቀርቷል፤ አልልከውም፣ እዚሁ ይቆይ።

አውሮፕላኑ ተጠግኖ ሜዳ የወጣ ዕለት ጠዋት አንዳችሁም ትበሪያለሽ ወይ ሳትሉኝ ቁርስ በላችሁ። ጋሼ አዲሱን ክንፍ በጣትዎ መታ መታ ሲያደርጉ፣ ሽማግሌው ከኋላዎ ቆሞ ሳያውቅ አብሮዎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። በቋንቋ ሳትግባቡ ያን ያህል እንዴት እንዳወራችሁ እስካሁን አልገባኝም። እኔ ወደ አውሮፕላኑ የሄድኩት ደፍሬ አይደለም። ሽቦዎቹን አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አንዱን ነካሁ፣ ሌላውን ነካሁ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ፍርሃቱ ያው ነበር። ከዛፎቹ በላይ ስወጣ፣ ያ ሞተር የጠፋበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ወደ ታች አየሁ። ከሜዳው ዳር ሁለታችሁም ቆማችኋል። እጃችሁን አታወዛውዙም፣ ብቻ ቆማችኋል። ሞተሩ መጮኹን ቀጠለ፤ እኔም ቀጠልኩ። ስወርድ እማዬ «ቀሚሴን አቧራ አለበስሽው» ከማለት በቀር ያለችኝ ነገር የለም። ይህን ሳልነግራችሁ ነበር የሄዳችሁት፦ ከዚያ በፊት እንዲህ ደስ ብሎኝ ከሰማይ ወርጄ አላውቅም።

ዛሬ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ የናንተን አውሮፕላን ሲነሳ አየሁት። በድሮው ሥራዬ በዓይነቱ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስሙን የማላውቀው ዕቃ የለውም። ሆኖም ጎማዎቹ መሬት ሲለቁ ሳላውቀው «ፊት ለፊት» አልኩ። ከደመናው ገብቶ እስኪሰወር ድረስ የአጥሩን ሽቦ ይዤ ቆምኩ፤ ከተሰወረም በኋላ ቆየሁ። እናንተ ያን ሁሉ ወር እንዲህ ነበር የቆማችሁት። ይቅር በሉኝ።

እንደደረሳችሁ፣ ሻንጣ ሳትፈቱ ጻፉልኝ።

ልጃችሁ ቡሎን